የጠፋውን ኢንተርፌስ ፍለጋ፦ ከቤት ክላውዴ የተሰበሰበ ማስታወሻ

ቨርቹዋል ማሽኑ (በሶፍትዌር የተፈጠረው ኮምፒውተር) ተነስቷል። በኮንሶል ገብታችሁ «አይፒ ሊንክ» ስትሉት ግን የሚያሳያችሁ «ኤልኦ»ን፣ ማሽኑ ራሱን የሚያናግርበትን ኢንተርፌስ፣ ብቻ ነው። ሌላ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርድ፣ የለም። ዳሽቦርዱን ብታዩ ማሽኑ «አክቲቭ» ይላል፤ አይፒ አድራሻውም ቁልጭ ብሎ ተጽፎለታል። አንዱ ወገን አለ ይላል፣ ሌላው የለም ይላል። ኦፕንስታክን (የራስን ክላውድ ማቋቋሚያ ሶፍትዌር) መማር ከጀመርኩ ወዲህ የዚህን ችግር ያህል ያስተማረኝ ስለሌለ የዚህን ዙር ማስታወሻ ለእሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ክላውዱ ያገለገሉ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ነው የተተከለው። ከሥር ኡቡንቱ 22.04 አለ፤ ኦፕንስታኩ የተጫነው በኮላ-አንሲብል (ኦፕንስታክን በኮንቴይነር በሚጭን መሣሪያ) ነው። ማሽኖቹን የሚያስኬደው ኬቪኤም ነው። ኬቪኤም ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሊኑክስ ከርነል አካል ስለሆነ ለብቻው የሚገዛ ነገር የለም። ክላውዱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነውና መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ትዕዛዞቹን ደግሞ አፋችን ላይ እንዳሉ ነው የምጽፋቸው።

ካርዱ የሚያልፍበት መንገድ

ቨርቹዋል የኔትወርክ ካርድ በእጅ አይዳሰስም። ተነቅሎ እንደሆነ ከኋላ ዞሮ ማየት አይቻልም። መጀመሪያ የዳታቤዝ መዝገብ ነው። የኦፕንስታክ የኔትወርክ ክፍል የሆነው ኒውትሮን «ፖርት» ብሎ ይመዘግበዋል፤ መለያ፣ ማክ አድራሻ (የካርዱ መታወቂያ ቁጥር) እና አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ኖቫ ያንን ወስዶ፣ ሆስቱ (ማሽኖቹ የሚሠሩበት ኮምፒውተር) ላይ ላለው የማሽን አስነሺ ለሊብቨርት የሚሆን ኤክስኤምኤል (የማሽኑ መግለጫ ፋይል) ይጽፋል። ሊብቨርት ኤክስኤምኤሉን ይዞ ኪሙን፣ የማሽኑን ሃርድዌር የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ያስነሳል፤ ሆስቱ ላይም «ታፕ» የሚባል ኢንተርፌስ ይከፈታል። የታፑ ሌላኛው ጫፍ ማሽኑ ውስጥ የፒሲአይ ካርድ መስሎ ይታያል። የማሽኑ ከርነል ካርዱን ያገኘዋል፣ ድራይቨር ይመድብለታል፣ የሊኑክስ መሣሪያ ሰያሚው ዩዴቭ ስም ያወጣለታል። በመጨረሻ የኡቡንቱ የኔትወርክ አዋቃሪ ኔትፕላን አድራሻ ይሰጠዋል።

ሰንሰለቱ ረጅም ይመስላል። ለምርመራ ግን ሦስት ቦታ ማየት ይበቃል። ኒውትሮን ምን ይላል? ሊብቨርት ምን ይዟል? የማሽኑ ከርነል ምን ያያል? እነዚህን ሦስት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ምንም ነገር አልነካም። በተለይ ሃርድ ሪቡት (ማሽኑን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት) አላደርግም። ምክንያቱን ወደ ታች አብራራለሁ፤ ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ግን እሱን ውሰዱ።

ኒውትሮንን ለመጠየቅ «ኦፕንስታክ ፖርት ሊስት» ብሎ የሰርቨሩን ስም መጨመር ነው። ለሊብቨርት ማሽኑ ያለበት ሆስት ላይ ገብቶ «ቨርሽ ዶም-አይኤፍ-ሊስት»። በኮላ ስትጭኑ ሊብቨርት የሚኖረው ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ትዕዛዙን «ኖቫ-ሊብቨርት» በሚባለው ኮንቴይነር በኩል ስጡ። ቨርሽ እናንተ ያወጣችሁትን ስም አያውቀውም፤ «ኢንስታንስ» ብሎ በቁጥር የሚቀጥል የራሱ ስም አለው። በአድሚን አካውንት «ሰርቨር ሾው» ስትሉ ታገኙታላችሁ። ከርነሉን ለመጠየቅ ማሽኑ ውስጥ «አይፒ ሊንክ» እና «ኤልኤስ-ፒሲአይ»።

ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ማክ አድራሻው ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር ኒውትሮን የሚሰጠው ማክ አድራሻ በኤፍኤ-16-3ኢ ይጀምራል። በሊብቨርት ብቻ የተፈጠረ ካርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ52-54-00 ይጀምራል። ኦፕንስታክ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ 52-54-00 ካያችሁ አንድ ሰው ኖቫን ሳያሳውቅ በእጁ ጨምሮታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ያ ካርድ በሚቀጥለው ሃርድ ሪቡት ይጠፋል፤ «ትናንት ነበረ እኮ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሆስቱ ላይ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ታፑን ስታዩት ማክ አድራሻው በኤፍኤ ሳይሆን በኤፍኢ ነው የሚጀምረው። አትደንግጡ። ሊብቨርት ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው። የሊኑክስ ብሪጅ ከተሰኩበት ካርዶች ሁሉ ትንሹን ማክ አድራሻ የራሱ ያደርጋል፤ ማሽን በተነሳና በጠፋ ቁጥር የብሪጁ አድራሻ እንዳይቀያየር ታፑ ትልቅ ቁጥር ይሰጠዋል። የታፑ ስም ደግሞ «ታፕ» ከሚለው ቀጥሎ የፖርቱ መለያ የመጀመሪያ 11 ምልክቶች ናቸው። ሊኑክስ ለኢንተርፌስ ስም ከ15 በላይ ስለማይፈቅድ ሙሉው አይገባም። ይህን ካወቃችሁ ከፖርቱ ወደ ታፑ መድረስ የዓይን ሥራ ብቻ ነው።

አለ፣ ግን ተኝቷል

በብዛት የማየው ይህን ነው። ካርዱ ሦስቱም ዝርዝር ላይ አለ። የጠፋ ያስመሰለው የምናይበት ትዕዛዝ ነው። የድሮው «አይኤፍኮንፊግ» ብቻውን ሲጻፍ የሚያሳየው የተነሱትን ኢንተርፌሶች ነው፤ ያልተነሳውን ለማየት ሰረዝ እና «ኤ» መጨመር አለበት። «አይፒ ሊንክ» ግን የነቃውንም የተኛውንም ያወጣል። በአይኤፍኮንፊግ ያደገ ሰው ሁለተኛ ካርድ ይሰካና «አልገባም» ይላል። ገብቷል። «ዳውን» ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ለምን ዳውን ሆነ? ኦፕንስታክ ላይ ክላውድ-ኢኒት (ማሽኑ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ቅንብር ሠሪ) ኔትወርኩን የሚያዋቅረው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነው። ያኔ ከኮንፊግ ድራይቭ (ቅንብር ከያዘ ትንሽ ዲስክ) ወይም 169.254.169.254 ላይ ካለው የሜታዳታ አገልግሎት የካርዶቹን ዝርዝር ይወስዳል፤ በኔትፕላን ፋይል ይጽፈዋል፤ ካልታዘዘ በቀር ዳግም አይመለስበትም። ቆይቶ የተሰካ ካርድ ፋይሉ ውስጥ የለም። ከርነሉ ያየዋል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

አዲሶቹ የክላውድ-ኢኒት እትሞች በየቡቱ፣ ወይም ካርድ በተሰካ ቁጥር፣ ቅንብሩን እንዲያድሱ ሊታዘዙ ይችላሉ። «አፕዴትስ» የሚል ክፍል አለው። እኔ ግን ለአዲሱ ካርድ የራሱን ፋይል መጻፍ ይሻለኛል፤ ማን ምን እንደጻፈ ይታወቃል። «50-ክላውድ-ኢኒት» የሚለውን ፋይል አትንኩ። የክላውድ-ኢኒት ንብረት ስለሆነ እንደገና ሲጽፍ የናንተን ያጠፋዋል። ኔትፕላን ፋይሎችን በስማቸው ቅደም ተከተል ስለሚያነብ በ60 የሚጀምር ፋይል ይበቃል። ከዚያ «ኔትፕላን አፕላይ» ሳይሆን «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። ትራይ አዲሱን ቅንብር ይሞክረዋል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁለት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በኤስኤስኤች ገብቶ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ባይሠራ ይመረጣል።

ሁለተኛው ካርድ ተነስቶ ማሽኑ ጭራሽ ከውጭ ካልተገኘ ደግሞ ሁለት ዲፎልት ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ መንገድ) ገብቶ ይሆናል። የሁለተኛውን ሰብኔት ጌትዌይ አውጡትና እለፉ።

አለ፣ ስሙ ግን ሌላ ነው

ድሮ ኢንተርፌሶች ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እየተባሉ ከርነሉ ባገኛቸው ተራ ነበር ስም የሚያገኙት። ካርዱ ሁለት ከሆነ ከሪቡት በኋላ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። በ2013 የወጣው ሲስተምዲ 197 (የሊኑክስ አገልግሎቶች አስነሺ) ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ቦታ እንዲመነጭ አደረገ። ኢኤንኤስ3 ማለት በ3ኛው ስሎት ያለ የኢተርኔት ካርድ ነው። ኢኤንፒ1ኤስ0 ማለት ባስ 1፣ ስሎት 0 ላይ ያለ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን «ቦታ» የሚባለው ራሱ የተፈጠረ ነገር ነው። ኪሙ ሁለት ዓይነት ቦርድ መስሎ መሥራት ይችላል። አንዱ አይ440ኤፍኤክስ ነው፤ ኢንቴል በ1996 ያወጣው ቺፕሴት። ሌላው ኪው35፣ የ2007። አዎ፣ ዘመናዊ ክላውድ ላይ የሚነሳ ማሽን ዛሬም በ1996 የወጣ ቦርድ ላይ ያለ ይመስለዋል። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ማሽኖች ኖቫ ሌላ ካልተነገረው የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ኢኤንኤስ3 ይባላል፤ ኪው35 ላይ ኢኤንፒ1ኤስ0 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የኢሜጁን (ማሽኑ የሚነሳበት የዲስክ ቅጂ) የማሽን ዓይነት ቀይራችሁ ብታስነሱት ኢኤንኤስ3 ተብሎ የተጻፈ ቅንብር ሁሉ ባለቤት ያጣል። ካርዱ አለ፣ አዋቃሪው ግን በድሮ ስሙ ነው የሚጠራው።

መድኃኒቱ በስም ሳይሆን በማክ አድራሻ ማዋቀር ነው። ኔትፕላን ውስጥ «ማች» በሚለው ስር ማክ አድራሻውን አስገብቶ «ሴት-ኔም» በሚለው የፈለጉትን ስም መስጠት ይቻላል። ከርነሉን ወደ ድሮው አሰያየም የሚመልስ የቡት መለኪያም አለ፤ ባለ አንድ ካርድ ማሽን ላይ አይከፋም፣ ባለ ብዙ ካርድ ላይ ግን ያንኑ የድሮ የስም መለዋወጥ መልሶ ያመጣል።

ማክ አድራሻም ግን ኢሜጅ ስትገለብጡ ይበቀላችኋል። ከአንድ ማሽን ስናፕሾት ወስዳችሁ አምስት ማሽን ብታወጡ እያንዳንዳቸው አዲስ ማክ አድራሻ ያገኛሉ፤ ፋይላቸው ውስጥ የተጻፈው ግን የእናታቸው ነው። እንደ ሴንትኦኤስ 6 ባሉ አሮጌ ሲስተሞች ላይ «70-ፐርሲስተንት-ኔት» የሚባል የዩዴቭ ፋይል የድሮውን ማክ አድራሻ ለኢቲኤች0 አስይዞ ስለሚቆይ አዲሱ ካርድ ኢቲኤች1 ይሆናል። የኢቲኤች0 ቅንብር ካርድ የለውም፣ የኢቲኤች1 ካርድ ቅንብር የለውም። ስናፕሾት ከመውሰዳችሁ በፊት «ክላውድ-ኢኒት ክሊን» በሉ። ዲስኩን ከውጭ ለማጽዳት «ቨርት-ሲስፕሬፕ» አለ፤ የሚሠራው በጠፋ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ በሚሠራ ማሽን ዲስክ ላይ አትሞክሩት።

እግረ መንገዴን «ማሽን-አይዲ» የሚባለውን ፋይልም ባዶ አድርጉ። ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ ለዲኤችሲፒ (አይፒ አዳይ አገልግሎት) ራሱን የሚያስተዋውቀው ከዚያ ፋይል በመነጨ መለያ ነው። ኒውትሮን አድራሻ የሚሰጠው ማክ አይቶ ስለሆነ እዚያ ላይ ብዙም አይሰማችሁም። ያንኑ ኢሜጅ ተራ ዲኤችሲፒ ወዳለው ኔትወርክ ስትወስዱት ግን መንታ ማሽኖች አንድ አይፒ ይዘው ሲጣሉ ታያላችሁ።

ኤልኤስ-ፒሲአይ ላይ አለ፣ አይፒ ሊንክ ላይ የለም

ይህ የድራይቨር ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። «ኤልኤስ-ፒሲአይ» ላይ ሰረዝ «ኤንኤንኬ» ብትጨምሩ የካርዱን መለያና የያዘውን ድራይቨር ያሳያችኋል። የቨርትአይኦ ካርድ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ የተሠራ) አምራች መለያው 1ኤኤፍ4 ነው፤ የካርዱ ቁጥር ደግሞ 1000 ወይም 1041። ቀጥሎ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ከሌለ ከርነሉ ካርዱን አይቶ የሚነዳበት አጥቷል። አሮጌ የፋየርዎል ወይም የራውተር ኢሜጆች ላይ ይከሰታል። ኢሜጁ ላይ «ኤችደብሊው-ቪአይኤፍ-ሞዴል» የሚለውን ባሕርይ ኢ1000 ብታደርጉት ኪሙ የድሮ የኢንቴል ካርድ ያስመስልለታል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ይሠራል።

ዊንዶውስም እዚህ ምድብ ውስጥ ነው። የቨርትአይኦ ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት «ኢተርኔት ኮንትሮለር» ካያችሁ የጎደለው ኔትኬቪኤም የሚባለው ድራይቨር ነው። ቨርትአይኦ-ዊን የሚባለውን አይኤስኦ አውርዳችሁ አስገቡለት። ካርድ የሌለው ማሽን ከኢንተርኔት አያወርድምና አይኤስኦውን በሲዲ መልክ መስካት አለባችሁ።

ሊብቨርት ራሱ ካላወቀው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኒውትሮን ፖርቱ አለ ይላል። ቨርሽ ግን ባዶ ዝርዝር ያወጣል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ ያልተሰጠውን ካርድ ከየት ያመጣል?

የሁለቱን ሪቡቶች ልዩነት እዚህ ላይ ማወቅ ግድ ይላል። ሶፍት ሪቡት ማሽኑን ከውስጥ እንዲነሳ ይጠይቀዋል፤ ኤክስኤምኤሉ እንዳለ ይቆያል። ሃርድ ሪቡት ግን ማሽኑን አጥፍቶ ኤክስኤምኤሉን ኖቫ ከሚያውቀው መረጃ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። የጠፋ ማሽን «ስታርት» ሲባልም የሊብቨርት ድራይቨሩ የሚሄደው በዚሁ በሃርድ ሪቡት መንገድ ነው። ኖቫ ትክክለኛ መረጃ ካለው ይህ መድኃኒት ነው። የተሳሳተ መረጃ ካለው ግን እስካሁን ይሠራ የነበረውን ካርድ ራሳችሁ ታስወግዱታላችሁ።

ኖቫ የተሳሳተ መረጃ ከየት ያመጣል? ኒውትሮንን ሁልጊዜ አይጠይቅም፤ የእያንዳንዱን ማሽን የኔትወርክ መረጃ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ገልብጦ ያስቀምጣል። የዕድር ጸሐፊ ስም ዝርዝሩን ከዋናው መዝገብ በደብተሩ ገልብጦ በግልባጩ እንደሚጠራው ማለት ነው። ይህን ግልባጭ የሚያድስ ተግባር አለ፤ በቅንብር ካልጠፋ በየ60 ሰከንዱ ይነሳል። በድሮዎቹ እትሞች ግን እድሳቱ የሚነሳው ከግልባጩ ራሱ ነበር፦ ደብተሩ ላይ ያሉትን ፖርቶች ብቻ ነበር ኒውትሮንን የሚጠይቀው። ከደብተሩ አንዴ የወጣ ፖርት ተመልሶ አይገባም። ይህ የተስተካከለው በ2019 በወጣው ስቴይን እትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ እድሳቱ ሙሉውን ዝርዝር ከኒውትሮን ይወስዳል።

አንድ ወዳጄ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከስቴይን የቀደመ እትም ነበረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ለመነሳት ተጋፋ። የኒውትሮን ዳታቤዝ ገና ሳይረጋጋ ኖቫ ጠየቀ፤ ባዶ መልስ አገኘ፤ ባዶውን ገለበጠ። ከዚያ ማሽኖቹ ተራ በተራ «ስታርት» ተባሉ፣ እያንዳንዱም ካርድ አልባ ኤክስኤምኤል ተጻፈለት። ማሽኖቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ አንዳቸውም ፒንግ አይመልሱ። ምልክቱ «ሰርቨር ሾው» ውስጥ «አድሬሰስ» የሚለው ባዶ መሆኑ ነው። ፖርት ሊስት ሞልቶ አድሬሰስ ባዶ ከሆነ የተበላሸው ግልባጩ ነው።

አዲስ እትም ላይ ከሆናችሁ ታገሡ። ያ የ60 ሰከንድ ተግባር በአንድ ዙር የሚያድሰው አንድ ማሽን ብቻ ነው። አንድ ሆስት ላይ 40 ማሽን ካለ ሁሉን ለማዳረስ 40 ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል። አድሬሰስ እስኪሞላ ጠብቃችሁ ከዚያ ሃርድ ሪቡት ብታደርጉ ካርዱ ይመለሳል። ቀድማችሁ ብትቸኩሉ ያንኑ ባዶ ኤክስኤምኤል ትጽፋላችሁ።

ለዚህ ነው ከሃርድ ሪቡት በፊት ሁለት ነገር የማደርገው። አድሬሰስ መሙላቱን አያለሁ። ቀጥሎ በ«ቨርሽ ደምፕ-ኤክስኤምኤል» የአሁኑን ኤክስኤምኤል ወደ ፋይል እገለብጣለሁ። ከሪቡቱ በኋላ ሌላ ገልብጬ ሁለቱን በ«ዲፍ» ሳወዳድር ምን እንደተለወጠ በግልጽ ይታያል።

መብራት ከተመለሰ በኋላ ያለው ቅደም ተከተልም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ዳታቤዝና ራቢትኤምኪው (የአገልግሎቶቹ መልእክት አመላላሽ)፣ ቀጥሎ ኒውትሮን፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤጀንት ሊስት» ላይ ኤጀንቶቹ (በየሆስቱ ያሉ የኒውትሮን ወኪሎች) ሁሉ በሕይወት መኖራቸውን ማየት። ቨርቹዋል ማሽኖች መጨረሻ። ኖቫ ሆስቱ ሲነሳ ማሽኖቹን አብሮ የሚያስነሳበት «ሪዚዩም-ጌስትስ» ብሎ የሚጀምር ቅንብር አለው፤ ሳይነካ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ እኔም እንደጠፋ ትቼዋለሁ። መብራት በአንድ ከሰዓት ሁለቴ ሊሄድ በሚችልበት ሰፈር ማሽኖቹ በራሳቸው ባይነሱ ይሻላል።

ፖርቱ ራሱ ታሞ ከሆነ

«ፖርት ሾው» ስትሉ «ባይንዲንግ-ቪአይኤፍ-ታይፕ» የሚለውን መስመር እዩ። «ኦቪኤስ» (ኦፕን ቪስዊች) ወይም «ብሪጅ» ካለ ጤነኛ ነው። «አንባውንድ» ካለ ፖርቱ ገና ለሆስት አልተመደበም። «ባይንዲንግ-ፌይልድ» ካለ ምደባው ሲሞከር በዚያ ሆስት ላይ ያለው ኤጀንት ሞቶ ነበር፣ ወይም ሆስቱ ያንን ኔትወርክ የሚያደርስ ብሪጅ የለውም። በቭላን ኔትወርክ (አንድ ገመድ ላይ በቁጥር የተከፋፈለ ኔትወርክ) ላይ ሁለተኛውን ቀድማችሁ ጠርጥሩ፤ ሦስተኛው ሆስት ላይ የብሪጅ ማፒንግ ተረስቶ ማሽኑ በሁለቱ ላይ ሠርቶ በሦስተኛው እምቢ ሲል የተለመደ ነው።

አዲስ ማሽን ሲፈጠር ኖቫ ካርዱ መሰካቱን ኒውትሮን እንዲነግረው 300 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ካላገኘ ማሽኑን «ኤረር» ውስጥ ይከተዋል። ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋ ቅንብር አለ፤ ሰዎች ሲመክሩት አይቻለሁ። አይመስለኝም። ቢጠፋ ማሽኑ ኔትወርክ ሳይኖረው «አክቲቭ» ይሆናል፤ ችግሩ አልተፈታም፣ ተደበቀ እንጂ።

የታመመ ፖርት ብዙ ጊዜ ተነቅሎ ሲሰካ ይድናል። «ሰርቨር ሪሙቭ ፖርት»፣ ከዚያ «ሰርቨር አድ ፖርት»። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፖርቱን ቀድማችሁ በእጃችሁ ፈጥራችሁት ከሆነ ሲነቀል ይቆያል። ማሽኑን ስትፈጥሩ ኔትወርክ ብቻ መርጣችሁ ኖቫ ራሱ የፈጠረው ፖርት ከሆነ ግን ሲነቀል ይሰረዛል፤ አይፒውም ይለቀቃል። ዲኤንኤስ ላይ፣ ፋየርዎል ላይ፣ የሌላ ሰው ፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ አይፒ እንደዋዛ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት አይፒውንና ማክ አድራሻውን መዝግቡ፤ በእነዚያው ቁጥሮች አዲስ ፖርት ፍጠሩ። አሁን ለሚቆዩ ማሽኖች ሁሉ ፖርቱን በእጄ ነው የምፈጥረው።

ሲሰካ እምቢ ካለ

ኪው35 ላይ የሚያጋጥም ነው። በሚሠራ ማሽን ላይ ካርድ ስትጨምሩ የኖቫ ኮምፒዩት ሎግ «ኖ ሞር አቬይለብል ፒሲአይ ስሎትስ» ይላል። አይ440ኤፍኤክስ ላይ ካርዶች በአንድ ባስ ላይ ተደርድረው ስለሚሰኩ በርከት ያለ ቦታ አለ። ኪው35 ግን ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው፤ እያንዳንዱ ተሰኪ ካርድ የራሱ የመሰኪያ ፖርት (ከኒውትሮኑ ፖርት የተለየ) ይፈልጋል። ሊብቨርት በራሱ ሲያሰላ የሚተርፈው አንድ ወይም ሁለት ነው። አንድ ዲስክና አንድ ካርድ ከጨመራችሁ አለቀ። በኖቫ ቅንብር የሊብቨርት ክፍል ውስጥ «ነም-ፒሲአይኢ-ፖርትስ» የሚባል አለ፤ እስከ 28 ይሄዳል። ለውጡ የሚታየው ኤክስኤምኤሉ እንደገና ሲጻፍ ስለሆነ ያለው ማሽን ሃርድ ሪቡት ይፈልጋል። አድሬሰስን ማየት አትርሱ።

ኢሜጁን ልወቅስ ወይስ ክላውዱን ብላችሁ ስትጠራጠሩ ደግሞ ሲሮስን አስነሱ። ለሙከራ የተሠራች ትንሽዬ ኢሜጅ ናት፤ በሰከንዶች ትነሳለች። እዚያው ሆስት ላይ፣ እዚያው ኔትወርክ ላይ አስነሷት። ሲሮስ ካርድ አግኝታ አይፒ ከወሰደች ችግሩ በእናንተ ኢሜጅ ውስጥ ነው። እሷም ካላገኘች ኢሜጁን ተዉትና ወደ ኒውትሮን ሎግ ሂዱ። በኮላ ሲስተም ላይ ሎጎቹ «ቫር-ሎግ-ኮላ» ስር በየአገልግሎቱ ስም ተለያይተው ተቀምጠዋል።

ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ነገር ይዣለሁ። ኢሜጆቼን በሙሉ ወደ ኪው35 ማዛወር አንዱ ነው፤ ቅንብሮቹን ቀድሜ ወደ ማክ አድራሻ እየለወጥኩ ነኝ። ሁለተኛው ኒውትሮንን ከኦፕን ቪስዊች ኤጀንት ወደ ኦቪኤን (በዚያው ኦፕን ቪስዊች ላይ የተሠራ ሌላ የኔትወርክ ሥርዓት) መቀየር ነው። እዚያ ሆስቱ ላይ የፖርት ምደባው የሚታየው «ኦቪኤን-ኤስቢሲቲኤል ሾው» በሚለው ትዕዛዝ ስለሆነ ከላይ ያሉት ሦስት ዝርዝሮች አራት ይሆናሉ። ኪው35 ላይ ብዙ ካርድ ያላቸው ማሽኖች የምታስኬዱ ካላችሁ የፒሲአይኢ ፖርቱን ስንት ላይ እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ፤ እኔ በ16 ልጀምር ነው።